ኦፕራሲዮኑ አሪፍ፣ የእጅ ንፅህናው ግን በጣም ያሳዝናል (ከ5 ኮከብ 2)

እናቴን የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ያሰራንበት አዲስ አበባ ያለ የግል ሆስፒታል ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሰርጀኑ ጎበዝ ነው፣ ነርሶቹም ሰው አክባሪ ናቸው፣ እዛ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ቁስሏ መግል ያዘና ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በደም ስር እየተሰጣት ትኩሳቱ አልወርድ አለ፣ ከዛ መግሉ ለካልቸር (የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድሃኒት እንደሚገድለው የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ) ሲላክ ክሌብሴላ የሚባል ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፣ ሴፍትሪያክሶን ጭራሽ የማይነካው አይነት፣ በመጨረሻ ሜሮፔነም በሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ነው የዳነችልን፣ ዋጋውን የገዛ ያውቀዋል።

በጣም ያናደደኝ ግን በር ላይ የተሰቀለው ሳኒታይዘር ባዶ ነው፣ ድሬሲንግ የምትቀይረዋ ልጅ ደግሞ ባደረገችው ጓንት ከእናቴ አልጋ ወደ ቀጣዩ አልጋ ስትሄድ በአይኔ አይቻለሁ። ጓንት እኮ በየታማሚው ካልተቀየረ ባክቴሪያ ማመላለሻ ነው የሚሆነው! በ2019 ብቻ መድሃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ እንደሞተ ላንሴት የሚባለው የህክምና መፅሄት ላይ ወጥቷል፣ ስለዚህ ይሄ እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ላቦራቶሪያቸውን ከልቤ አመሰግናለሁ፣ የትኛው መድሃኒት እንደሚሰራ የትኛው እንደማይሰራ አንድ በአንድ ለይተው ነው የሰጡን። እዛ የምታስታምሙ ካላችሁ ቁስሉ መግል ከያዘ መድሃኒት ከመቀየሩ በፊት ካልቸር ይሰራልን በሉ፣ ጓንት ቀይሪልኝ እህቴ ለማለትም አትፈሩ፣ ሳኒታይዘር ደግሞ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።