ጅብን የውሻ ዘመድ ያደረገው ፖስተር

ከጥሩው ልጀምር። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ላሚኔት ተደርጓል። ልጄ ሻይ ደፍታበት በጨርቅ ጠረግነው፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። 250 ብር አይበዛበትም።

ርዕሱ «የእንስሳት ዘመዳሞች» ይላል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ አይቼ እንዳላየሁ ልሁን ብል አልቻልኩም።

ውሻ፣ ተኩላ፣ ቀይ ቀበሮና ጅብ አንድ ክብ ውስጥ አሉ። ቀይ ቀበሮስ እሺ፤ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዘሩ ለተኩላ ነው የሚቀርበው። ጅብ ግን እዚያ ምን ይሠራል? ውሻ ይመስላል፣ አልክድም። ዝምድናው ግን ከድመት ወገን ነው። የራስ ቅል የሚመረምሩ ሰዎች የጆሮውን አጥንት አይተው እ.ኤ.አ. በ1869 ከድመት ወገን መድበውታል። በኋላ የመጣው የዲኤንኤ ምርመራም ይህንኑ አጸና።

እኛ ዘመድ የምንቆጥረው በመልክ ነው እንዴ? ጋብቻ ሲመጣ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው አያትና ቅድመ አያት ነው። ባዮሎጂስቶችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ የጋራ አያታቸው ምን ያህል ይርቃል? ፖስተሩ ግን ማን ማንን ይመስላል ብሎ ነው የደረደራቸው።

በጣም ያናደደኝ ሽኮኮ ነው። ከአይጥና ከጥንቸል ጋር ተሰልፏል። ደብረ ሊባኖስ ገደሉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አይታው ልጄ «ትልቅ አይጥ!» ብላ ጮኻ ነበር፤ አሁን ፖስተሩ «ልክ ነሽ» አላት። ሽኮኮ እኮ የዝሆን ዘመድ ነው! የአብዛኞቹ ጣቶቹ ጥፍር ጠፍጣፋ ነው፣ ትንሽ ኮቴ የመሰለ። የወንዱ ቆለጥም እንደ ዝሆን ሆዱ ውስጥ ነው የሚቀረው።

የሌሊት ወፍ ከወፎች ጋር መቀመጧን ለስሟ ስል ይቅር ብያለሁ።

የዕፅዋቱንም ፖስተር አንስቼ ነበር፤ እንጉዳይ ሳይበት መለስኩት። እንጉዳይ ከጎመን ይልቅ ለእንስሳ ነው የሚቀርበው። (ለእናቴ አልነገርኳትም፤ በጾም ትበላዋለች።)

ለሻጩ ብነግረው «እንደመጣልን ነው የምንሸጠው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ለላሚኔቱ ከ5 5፣ ለዝምድናው 2። በማይለቅ ማርከር ቀስት አስምሬበታለሁ። የጅቡ ቀስት አጭር ነው፣ ድመቶቹ ከጎኑ ናቸው። የሽኮኮው ግን ዝሆኑ ጋ ለመድረስ ፖስተሩን ከጥግ እስከ ጥግ ያቋርጣል። ልጄ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳየው እሱን ነው።