«ለእናንተ ብቻ የተሠራ» የኢንትራኔት ዋየርፍሬም፦ ፋይሉን ሳትከፍቱ እንዳትከፍሉ!

የኢንትራኔት (የመሥሪያ ቤት የውስጥ ድረ ገጽ) ዋየርፍሬም፣ ማለትም የገጾቹን ረቂቅ ንድፍ፣ እንሠራለን የሚሉትን ዲዛይነሮች ታውቋቸዋላችሁ። ፕሮፎርማቸው ላይ «የሠራተኞች ፍላጎት ጥናት» የሚል ወፍራም ሂሳብ አለ፤ 50 በመቶ ቅድሚያ ይቀበላሉ፤ ለሳምንታት ስልክ አያነሱም፤ ከዚያ መጥተው በፕሮጀክተር የሚያምር ፒዲኤፍ ያሳያሉ። ንድፉ የተሠራበትን ፋይል ግን አይከፍቱም።

ትናንት ርክክቡ ላይ የሰው ኃይል ኃላፊዋ የሠራተኞች ማውጫውን አይተው አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ይሄ ‹የቤተሰብ ስም› የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ልንጽፍ ነው?» መልስ የለም። ማውጫው በቤተሰብ ስም ተደርድሯል፤ ከላዩ ደግሞ ከኤ እስከ ዜድ የፊደል ተርታ ተዘርግቷል። እኛ ጋ ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው፤ በዚህ ገጽ ግን አልማዝን ለማግኘት የአያቷን ስም ማወቅ ግድ ነው! ፋይሉ ይከፈት ተባለ። ሲከፈት የሌየሮቹ (ንድፉ የተደራረበባቸው ክፍሎች) ዝርዝር ላይ ከገበያ የተገዛው ቴምፕሌት (ዝግጁ ንድፍ) ስም ከነስሪት ቁጥሩ ቁጭ ብሏል። እንኳን ሊያጠኑልን፣ ስሙን ለመፋቅ እንኳ አልደከሙም። ንድፉን ያመጣው ልጅ ግን አላፈረም። እናቱ የምትሆን ሴት አንቺ እያለ፣ «ዋየርፍሬም እኮ ሳጥን ነው፤ አልገባሽም መሰለኝ። ጽሁፉን እናንተ ትቀይሩታላችሁ» አለ።

ጽሁፉ ብቻ በሆነ! የዓመት ፈቃድ ቅጹ የሚያሳየው አንድ ቀሪ ቁጥር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፣ ሳይወሰድ የቀረውም ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የዘንድሮውና የተላለፈው ለየብቻ መታየት አለባቸው። የቀን መምረጫው 12 ወር ብቻ አለው፤ ጳጉሜን የት ትግባ? አዝራሮቹ ስፋታቸው በእንግሊዝኛው «ሰብሚት» (ላክ) ልክ ተቆልፏል፤ «ለቅርብ ኃላፊ ላክ» ሲጻፍበት ይቆረጣል። ፎንቱ ኢንተር የሚባለው ነው፤ ፊደላችን የለበትም። ሳጥኖቹን እንደ ጽሁፉና እንደ ገጹ ስፋት በራሱ የሚያስተካክለው አውቶ ሌይአውት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በግሩፕ የታሰረ አራት ማዕዘን ስለሆነ፣ የ1440 ፒክስሉን ገጽ ወደ ቢሮ ላፕቶፖቻችን 1366 ስናጠበው የቀኙ ዓምድ ከገጹ ወጥቶ ቀረ። ከሁሉ የሚብሰው፣ እያንዳንዱ ገጽ የተሳለው ለአንድ ተመልካች ነው። ተራ ሠራተኛ፣ ኃላፊና የሰው ኃይል ክፍል አንዱን ገጽ ሲከፍቱ ምን እንደሚለያይ የትም የለም፤ የኢንትራኔት ዋናው ሥራ ግን እሱ ነው።

ቴምፕሌት በራሱ ወንጀል አይደለም። ለመግቢያ ገጽ፣ ለዜናና ለማስታወቂያ ገጽ ሥራ ያቀላል። ማውጫው፣ የፈቃድ ቅጹና የሰነድ ማከማቻው ግን መነሳት ያለባቸው ቢሮው ዛሬ ከሚሞላው የወረቀት ቅጽ ነው። ያንን ወረቀት ማንም መጥቶ አልጠየቀንም፤ የጥናቱ ሂሳብ ግን ተቆርጧል።

እናንተ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት የማረም መብት ያለው ፋይል ተቀበሉ። የሌየር ስሞቹን አንብቡ፣ ገጹን ጎትታችሁ አጥብቡ፣ አዝራሩ ላይ ረዘም ያለ አማርኛ ጻፉበት። እምቢ ካሉ ቼኩ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።