ከአራት ወር ጭንቀት ለገላገለኝ የኔትወርክ ባለሙያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። ይህን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እግዚአብሔርም አይወድልኝም።

ነገሩ የተጀመረው በፔንሲዮኔ አልጋ ይዞ ያደረ አንድ እንግዳ ጠዋት ቁልፍ ሲመልስ፣ «እትዬ፣ በዋይፋያችሁ ስገባ የሒሳብ ፋይላችሁ ከእኔ ኮምፒውተር ላይ ይታያል» ያለኝ ዕለት ነው። እርሱ ደግ ሆኖ ነገረኝ፤ ሳይነግረኝ አይቶት የሄደስ ስንቱ ይሆን? እንቅልፍ አጣሁ።

የመጀመሪያው ባለሙያ «ጨርሻለሁ» ብሎ ገንዘቡን ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ የሠራው ሁሉ የለም። ብደውልለት «የመብራት ጉዳይ እኔን አይመለከተኝም» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ ሁሉንም ቆልፎት ሄደ። እንግዶቼ ኢንተርኔት አጡ፤ ሒሳብ ሠራተኛዬ አንድ ወረቀት እንኳ ማተም አቃታት። እርሱም ስልክ አያነሳም። ሁለት ጊዜ ከፍዬ ሁለት ጊዜ አለቀስሁ።

ይህ ልጅ ከደብረ ሲና ተነሥቶ የጣርማ በርን ጉም አቋርጦ በምሽት ደረሰልኝ። ኮምፒውተሮቹንና ዋይፋዩን እርስ በርስ የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ ስዊቹን፣ ከመንካቱ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀኝና «እትዬ፣ ማን ከማን ጋር ይገናኝ? ማንስ አይገናኝ?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም!

የሚሠራበትን ነገር አክሰስ ሊስት ይሉታል፤ ዝርዝሩ አይገባኝም። እርሱ ግን በበር ጠባቂ መዝገብ መስሎ አስረዳኝ። ስዊቹ ከላይ ወደ ታች እያነበበ መጀመሪያ ባገኘው በሚመለከተው መስመር ይወስናል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያይም፤ በመዝገቡ ያልተጻፈ ደግሞ አያልፍም። ያ ሁለተኛው ባለሙያ የሚከለከለውን ብቻ ጽፎ የሚፈቀደውን ስላልጻፈ ነው ለካ ሁሉም የተቆለፈው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ በጥበቃ ሥራ ያረጀ ሰው ነበር። መዝገቡን በብብቱ ይዞ በዚያ ብርድ ሲቆም በዓይኔ መጣብኝና እንባዬ ቀደመኝ።

ሥራውን ሲጨርስ «አሁን ቆጣሪውን ያጥፉልኝ» አለኝ። ደነገጥሁ። «ስዊቹ ውስጥ ካልተቀመጠ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አስቀምጬዋለሁ፤ ግን በዓይንዎ አይተው ይመኑ» አለ። አጠፋሁ፤ መልሼ አበራሁ፤ ጥቂት ጠበቅን። የእንግዳው ኢንተርኔት ይሠራል፤ ፕሪንተሩ ያትማል፤ የሒሳብ ፋይሉ ግን ከእንግዶች ዋይፋይ አይከፈትም። እልል አልሁ!

እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፎ የስዊቹ ሣጥን በር ላይ ለጠፈልኝ። «ነገ እኔ ባልገኝ ሌላ ባለሙያ እንዳይቸገር» ነው ያለኝ። ከተስማማንበት በላይ አምስት ሳንቲም አልተቀበለም፤ ገንፎዬን ብቻ በላልኝ።

እባካችሁ እርሱን አሠሩት፤ ደግሜ እላለሁ፣ እርሱን አሠሩት። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ፣ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄው አገናኛችኋለሁ። ልጄ፣ እጅህ ይባረክ!