ልጄን ከሜካኒካል ምህንድስና ጋር ላስታረቁልኝ መምህር

የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ የሆነችው ልጄ ትምህርቷን ለማቋረጥ ቋፍ ላይ በነበረችበት ጊዜ ለደረሱልን፣ በግል ለሚያስጠኑ አንድ መሐንዲስ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ይገባኛል።

ከእርሳቸው በፊት የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አላነሳም። አንደኛው ዘንድ ገንዘቡን አስቀድመው ተቀብለው ተሠርቶ ያለቀ የጥያቄ መልስ አስይዘው ሰደዷት፤ ስለ ሙቀትና ኃይል የሚያጠናው ቴርሞዳይናሚክስ የቱ ጋ እንዳስቸገራት የጠየቃት ሰው አልነበረም። የሥራ አማካሪ የተባሉት ሌላው ሰው ደግሞ ይባስ ብለው የዚህ ትምህርት መጨረሻው ጋራዥ እንደሆነና ለሴት ልጅ እንደማይሆን ፊት ለፊት ነገሯት። ጋራዥስ ቢሆን ምን ነውር አለበት?

እኚህ መምህር ግን በመጀመሪያው ቀን ደብተር እንኳ አላስከፈቷትም። ለሁለት የተሰበረ የብረት ሻፍት፣ ማለትም የሚሽከረከር የማሽን ዘንግ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ስብራቱን በጣቷ እንድትዳስስ አደረጉ። ከአንድ ሹል ጥግ ተነሥተው እየሰፉ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩበት፤ በሌላው ዳር ገጹ ሻካራ ነው። «ከየት የጀመረ ይመስልሻል?» ብለው ዝም አሉ። ብረቱ በተሽከረከረ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ሲሰነጠቅ እንደቆየና ሻካራው ክፍል በመጨረሻ ባንዴ እንደተገነጠለ ራሷ ደረሰችበት። በ1842 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ አቅራቢያ የባቡር አክስል (መንኮራኩሮቹ የሚያያዙበት ዘንግ) ተሰብሮ ብዙ ሰዎች መሞታቸው መሐንዲሶችን ይህንኑ ነገር እንዲመረምሩ እንዳነሣሣቸውም አጫወቷት። ከዚያ በኋላ የጻፉት ስሌት ለእኔ አልገባኝም፤ ልጄ ግን ስትጠይቅ፣ ስትከራከር አየሁ። ለዚያ ቀን ክፍያ አልቀበልም ብለውም አሰናበቱን።

ስለ ሥራውም ባዶ ተስፋ አልመገቧትም። የኃይል ማመንጫ ተርባይን፣ የሕንፃ ማቀዝቀዣ፣ የአውሮፕላን ጥገና፣ የሰው ሠራሽ እግር ንድፍ ሁሉም ዛሬ ከሚያሰለቿት ከእነዚያው ከስታቲክስ (በቆሙ ነገሮች ላይ ስለሚያርፉ ኃይሎች ከሚያጠናው) እና ከፍሉይድ ሜካኒክስ (ስለ ፈሳሽና ጋዝ ከሚያጠናው) እንደሚነሡ አስረድተው፣ ቀጣሪ ግን ከውጤት ባሻገር የተግባር ልምምድና በእጅ የተሠራ ነገር እንደሚጠይቅ ሳይሸሽጉ ነገሯት።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ትምህርት የተቸገረ ልጅ ያላችሁ ወላጆች አደራ፣ ወደ እርሳቸው ውሰዱት፤ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። በፈተና ሰሞን ሰዓታቸው ስለሚሞላ ቀደም ብላችሁ ብትሄዱ ይሻላል።