«ትምህርት ቤት በሳጥን» በስደተኛ ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ፦ የሚጠቅመው፣ የማይጠቅመውና ማኅበረሰቡ የሚሞላው

የዩኒሴፍ «ትምህርት ቤት በሳጥን» በጦርነት ወይም በአደጋ ጊዜ ትምህርት እንዳይቋረጥ ተብሎ የተሰናዳ የቁሳቁስ ስብስብ ነው። የታሰበው አደጋው በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ልጆች ወደ ትምህርት እንዲመለሱ ሲሆን፣ አንዱ ሳጥን ለአንድ መምህርና እስከ 40 ለሚደርሱ ተማሪዎች ይሆናል። በጎረቤትና በበጎ ፈቃደኞች ድጋፍ የሚተዳደሩ የስደተኛ ልጆች ማሳደጊያዎች አንዳንዶቹ በእርዳታ ያገኙታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ገንዘብ አሰባስበው ማስመጣት ይሻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሳጥኑ የተሠራው ለድንኳን ትምህርት ቤት ነው። ማሳደጊያ ግን ሌላ ነው፦ ልጆቹ እዚያው ያድራሉ፣ ዕድሜያቸው የተራራቀ ነው፣ ቋንቋቸው ብዙ ነው፣ ዕቃውም ከትምህርት ሰዓት ውጭ እጃቸው ይገባል። እዚህ የሚገመገመው በዚያ ዓይን ነው።

ሳጥኑ ጥሩ ነው። የሚጠቅመው ግን ልጁ ሰፈሩ ውስጥ ያለው መደበኛ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ለጥናትና ለቋንቋ ማካካሻ ነው። «እኛ ጋ ክፍል አለ፣ መምህር አለ» ብሎ ልጁን ከውጭ ትምህርት ቤት ማስቀረት ትልቅ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 22 ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሲደነግግ ስደተኛው እንደ ዜጋው እንዲታይ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያም በማሳደጊያ ያሉ ልጆች በተቻለ መጠን በአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ ይጠይቃል። ስለዚህ ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት ለእያንዳንዱ ልጅ የምዝገባ ቀን ይቀጠርለት፤ ጉዳዩን የሚከታተለውም ሰው በስሙ ይታወቅ።

ውስጡ ያለው በሁለት ይከፈላል፦ የሚያልቅና የማያልቅ። ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጠመኔና የሰም ከለር ያልቃሉ። መቀስ፣ የእንጨት መቁጠሪያ ኩብ፣ የማስተማሪያ ሰዓት፣ በእጅ እየተሽከረከረና በፀሐይ የሚሠራ ሬዲዮ፣ የፊደል፣ የቁጥርና የማባዣ ሰንጠረዥ የታተመባቸው በፕላስቲክ የተለበጡ ሦስት ፖስተሮች አያልቁም። ራሱ ሳጥኑ የሚቆለፍ አሉሚኒየም ነው፤ ክዳኑ አብሮ በሚመጣው ልዩ ቀለም ሲቀባ ጥቁር ሰሌዳ ይሆናል። ደብተሮቹ ኅዳግ ሳይሰመርባቸው የታተሙ ናቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጽፈውም ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፈውም እንዲጠቀምባቸው ነው። አማርኛም ዓረብኛም የሚጽፉ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ስንት እንደሚያወጣ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ኩቡ ነው። ስደተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ የትምህርት ማስረጃ ይዞ አይመጣም፤ የመጣበትን ክፍል ሲናገርም የአገሩ አከፋፈል ከሌላው ጋር አይገጥምም። በኩብ ግን ያለ ቋንቋ መለካት ይቻላል። አስተማሪው 12 ኩብ አስቀምጦ በጣቱ እየጠቆመ ያስቆጥራል። ቀጥሎ በእኩል ረድፍ እንዲደረድራቸው ያሳየዋል፤ 3 በ4 ወይም 2 በ6 አድርጎ የደረደረ ልጅ የማባዛትን ሐሳብ ይዟል። ከዚያ ለሦስት ሰው እኩል እንዲያካፍል፣ በመጨረሻም 13ኛ ኩብ ተጨምሮ የተረፈውን ምን እንደሚያደርግ ይታያል። የተረፈውን ለይቶ ወደ ጎን ያስቀመጠ ልጅ ቀሪን ያውቃል፤ አንዱ ሰው ላይ የደረበ ገና ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ውጤቱ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲላክ ርእሰ መምህሩ ልጁን ያለ ክፍሉ ከትንንሾች ጋር እንዳይመድበው ይረዳል። የ13 ዓመት ልጅ ቋንቋ ስላልቻለ ብቻ አንደኛ ክፍል ከተቀመጠ ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱን ይጠላል።

ሰዓቱም ከኩቡ ቀጥሎ ይመጣል። የሰዓት አቆጣጠርና አጠራር ከአገር አገር ስለሚለያይ የመጀመሪያው የቋንቋ ትምህርት እሱ ላይ ቢሆን ልጁ ቀኑን ያውቃል፦ መቼ ይበላል፣ መቼ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ መቼ ይተኛል። ብዙ ነገር ተቀምቶ ለመጣ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

የክዳኑ ሰሌዳ ላይ ቅሬታ አለ። ቀለሙ በአሉሚኒየም ላይ በደንብ የሚይዘው ከታች ተዘጋጅቶ ሲቀባ ብቻ ነው። ክዳኑን በሳሙና አጥቦ ቅባቱን ማስለቀቅ፣ ማድረቅ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት ማድረግ፣ ብናኙን መጥረግ፣ ከዚያ በስሱ ሁለት ጊዜ መቀባት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ነው። በወፍራሙ አንዴ የተቀባ ቀለም ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥሩ ለስላሳ ይቀራል፣ ኋላም በማጥፊያው ይላጣል። አንድ ሙሉ ቀን ካረፈ በኋላ ከመጻፉ በፊት ጠመኔውን በጎኑ አጋድሞ መላውን ገጽ ማልበስና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጥላ እንደያዘ ይቀራል፣ ቢያጠፉትም አይለቅም።

ያም ሆኖ ክዳኑ ጠባብ ነው። ከኋላ ያለ ልጅ እንዲያነብ የፊደሉ ቁመት ለአንድ ሜትር ርቀት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ 6 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ልጅ 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በዚህ መጠን ክዳኑ ላይ የሚሰፍረው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ከሰፈሩ አናጢ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ፕላይውድ መለመንና የሰሌዳ ቀለም ቀብቶ ግድግዳ ላይ ማሰር የተሻለ ነው። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ትንንሾቹም ይደርሱበታል። ክዳኑ ለትንሽ ቡድን ጥናት ይቆይ።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ፤ ማሳደጊያዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ባለ 48 ገጽ ደብተር በቀን አንድ ገጽ ከተጻፈበት በሳምንት አምስት ቀን ታስቦ አሥር ሳምንት አይሞላም። አንድ ልጅ ለሁለት ትምህርት ሁለት ደብተር ቢይዝ በ40 ሳምንት የትምህርት ዓመት ቢያንስ 8 ደብተር ይፈልጋል፤ ለ40 ልጅ 320 ማለት ነው። ሳጥን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ይህን ሊሸፍን አይችልም፣ ቃልም አልገባም። የሚሸፍነው ማኅበረሰቡ ነው፤ ያም በሥርዓት ሲጠየቅ ነው። 20 ቤተሰብ እያንዳንዱ በዓመት 16 ደብተር ከያዘ 320ው ሞላ። «የቻላችሁትን አምጡ» የሚለው ጥሪ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም፦ ያረጀ ቦርሳ ክምር ይመጣና እርሳስ ይጠፋል።

የሚበጀው ለእያንዳንዱ ደጋፊ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ መጠንና አንድ ቀን መስጠት ነው። አንዱ ሱቅ ጠመኔና እርሳስ፣ አንዱ ጎዳና ደብተር፣ ሌላው ላጲስና ሳሙና ይያዝ። ደብተሩም መጠኑና መስመሩ አንድ ይሁን። በአንድ ቤት የሚኖሩ ልጆች መካከል አንዱ ባለ ሥዕል ወፍራም ደብተር፣ ሌላው ስስ ደብተር ከያዘ ጠቡ የሚነሳው ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። የመጣውና የወጣው በአንድ መዝገብ ይጻፍ፦ ቀን፣ ዕቃና ብዛት፣ ከማን፣ ለማን። በየወሩ መጨረሻ ያ ገጽ ለደጋፊዎች በግልጽ ሲታይ መስጠት አይቆምም፤ የሚቆመው ሰው የሰጠው የት እንደገባ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

እርሳስ ከሚገባው በላይ ቶሎ የሚያልቀው ልጆች ስለጻፉ ብቻ አይደለም። ወለል ላይ የወደቀ እርሳስ ውስጡ ይሰባበራል፤ በተቀረጸ ቁጥር ጫፉ እየወለቀ ልጁ እንደገና ይቀርጻል፣ አንድ እርሳስም በአንድ ጠዋት ግማሽ ይሆናል። መቅረጫውን በገመድ ሳጥኑ ላይ ማሰርና እርሳሶቹን በየልጁ ስም በኪስ መያዣ ማስቀመጥ ብክነቱን ይቀንሳል። መቀሱ ደግሞ በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ይግባ፤ ክፍሉ የሚበተነው የመጨረሻው መቀስ ቦታው ሲገባ ነው። ብዙ መከራ ያዩ ወጣቶች በሚያድሩበት ቤት ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ሳጥኑ ፀሐይ ላይ አይዋል። የተዘጋ ብረት ሲግል የሰም ከለሩ ይለሰልስና ይጣበቃል፤ ርጥበት ሲገባ ደግሞ ጠመኔው ሰሌዳ ላይ መንሸራተት እንጂ መጻፍ ያቆማል። ጥላ ሥር፣ ከወለል በእንጨት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የጓጉንቸሩ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። ቁልፍ ያለው ጥሩ ሳጥን ስለሆነ የልጆቹን የግል ፋይል እዚያው ማስቀመጥ ያምራል፤ አይደረግም። የልጁ ስም፣ የመጣበት ቦታና የቤተሰብ ፍለጋ መረጃ በቀን ብዙ ጊዜ በሚከፈት ዕቃ ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ሬዲዮው በአካባቢው የሬዲዮ ትምህርት ካለ ይጠቅማል፤ ከሌለ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ክፍት መተው ግን ጉዳት አለው፤ ልጆቹ የሸሹበትን አገር ዜና ያለ ዝግጅት ይሰማሉ። ሠራተኞች ክፍል ይቀመጥና ለትምህርቱ ሰዓት ይውጣ። ከፖስተሮቹ ውስጥ የፊደሉ ፖስተር ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ካልሆነ ብዙም አይሠራም። የቁጥሩም ቢሆን ሌላ የአኃዝ አጻጻፍ ለምደው የመጡ ልጆች ስላሉ ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን የያዘ ሰንጠረዥ በእጅ ሠርቶ መለጠፍ ግድ ይላል።

የሌለው ነገር መታወቅ አለበት። የመማሪያ መጽሐፍና ሥርዓተ ትምህርት የለውም፤ እነዚህ ከአካባቢው ትምህርት ቤት ወይም ትምህርት ቢሮ የሚመጡ ናቸው። ከስድስት ዓመት በታች ላሉት አይሆንም፤ ለነሱ ዩኒሴፍ ለብቻው ያዘጋጀው የቅድመ ልጅነት ሳጥን አለ፣ ለጨዋታም ኳስ ያለበት ሌላ ሳጥን አለ። ለ15ና ለ16 ዓመት ልጆች ደግሞ ብዙም የሚሆን ነገር የለውም፤ እነሱ ኩብ ሲሰጣቸው ይዋረዳሉ። ለነሱ የሚበጀው የቋንቋ መዝገበ ቃላት፣ ካልኩሌተርና ከሰፈሩ ባለሙያ ጋር የሚያገናኝ የሙያ ሰዓት ነው።

ለጥናት የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ያለፈ ታሪካቸው ተጣርቶ፣ የሥነ ምግባር ደንብ ፈርመው፣ በሩ ክፍት በሆነ ክፍል፣ ሁለት አዋቂ ባለበት ያስተምሩ። የልጆችን ፊት የሚያሳይ ፎቶ ለማመስገኛ ተብሎ አይለጠፍ፤ ከሚያሳድዳቸው ሰው የሸሹ ልጆች አሉ። ከሰዓት በኋላ ያለው የጥናት ክፍል ለጎረቤት ልጆችም ቢከፈት መልካም ነው። ስደተኛው ልጅ ቋንቋውን ከእኩዮቹ ይሰማል፤ «ለነሱ ብቻ ይሰጣል» የሚለው ቅሬታም ይበርዳል።

ስለ መግዛቱ፦ ሳጥኑ የሚከፋፈለው በአብዛኛው በዩኒሴፍ፣ በመንግሥትና በአጋር ድርጅቶች በኩል በነፃ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በአገሩ ያለውን ቢሮ መጠየቅ ይገባል። ካልተገኘ ለአንድ ማሳደጊያ ተብሎ ኮፐንሃገን ካለው የዩኒሴፍ መጋዘን ማስመጣት አያዋጣም፤ የማጓጓዣውና የጉምሩኩ ጣጣ ዕቃውን ያስንቀዋል። ዝርዝሩን እንደ ማመሳከሪያ ይዞ ከአካባቢው ገበያ መሰብሰብ ይቀላል። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ በቅድሚያ የሚገዛው የሚቆለፍ ሳጥን፣ ከአናጢ የተቆረጠ 100 ኩብ፣ የካርቶን ሰዓት፣ አንድ ትልቅ ሰሌዳና የመጀመሪያው አሥር ሳምንት 80 ደብተር ነው። ሬዲዮው ይቆይ፤ በእሱ ፋንታ ልጆቹ ሊገቡበት ያለው ትምህርት ቤት የሚጠቀምበት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ቅጂ ይገዛ።