በታይዋን ገበያ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ለምትገዙ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ በአንድ ሱቅ ሁለት የሆም ቴአትር ሪሲቨሮች (የፊልምና የሙዚቃ ድምፅ አጉልተው ለቤት ስፒከሮች የሚያከፋፍሉ ዕቃዎች) ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተሸጡ ስለሆነ፣ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛው ሶኒ ኤስቲአር-ዲኤች590፣ ሌላኛው ያማሃ አርኤክስ-ቪ385 ነው። ሁለቱም በደረጃቸው ደህና ዕቃዎች ናቸው፤ ቅሬታዬ በአሻሻጡ ላይ ነው።

ሻጩ «ሶኒው 145 ዋት፣ ያማሃው 70 ዋት ነው፤ እጥፍ ጉልበት በርካሽ ዋጋ» ይላል። ሆኖም 145 የተባለው አንድ ቻናል (ለአንድ ስፒከር የሚወጣው መስመር) ብቻ እየሠራ፣ በ1 ኪሎኸርዝ፣ እስከ 0.9 በመቶ የድምፅ መዛባት ተፈቅዶ የተለካ ሲሆን፣ 70 የተባለው ግን ሁለት ቻናሎች አብረው እየሠሩ፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል፣ መዛባቱ ከ0.09 በመቶ ሳያልፍ የተለካ ነው። በጥብቁ መለኪያ ሶኒው ወደ 90 ዋት ይወርዳል፤ በላላው መለኪያ ደግሞ ያማሃው 100 ዋት ይደርሳል። በ90 እና በ70 ዋት መካከል ያለው ልዩነት በድምፅ ከፍታ መለኪያ አንድ ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ፣ ሳሎን ተቀምጦ ፊልም የሚያይ ሰው ልብ የሚለው አይደለም። ሶኒው «አትሞስ አለው» መባሉም ሐሰት ነው፤ ዶልቢ አትሞስ (ድምፅ ከላይም ጭምር የሚመጣ የሚያስመስል የድምፅ ቴክኖሎጂ) ያለው ዲኤች790 የተባለው የሶኒ ሞዴል እንጂ ይህ አይደለም።

ይህ ሁሉ ቢታለፍ እንኳ ቮልቴጁ አይታለፍም። እዚያ ሱቅ ያየሁት ሶኒ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። ከጀርባው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ በትንንሽ ፊደል 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ተጽፏል። ጠፍጣፋው ስፒና ተቆርጦ በእኛ ክብ ስፒና ተተክቷል፤ መገጣጠሚያውም በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ስፒና መቀየር ቮልቴጅ አይቀይርም። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሰው ሁሉም ዕቃ እንዲሁ ይመስለዋል፤ እንዲህ ያለው ሪሲቨር ግን ለአንድ ቮልቴጅ ብቻ በተጠመጠመ ከባድ ትራንስፎርመር ስለሚሠራ፣ በ220 ቮልት ሲሰካ ቢቀናው ፊውዙ፣ ካልቀናው ራሱ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ሪሲቨሩ ከ200 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል 500 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ያስፈልጋል፤ የዋጋው ልዩነትም በዚሁ ያልቃል። በዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ኸርዙን (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ) አይለውጥም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ዕቃ በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል፤ የድሬን ሙቀት ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የሚያዋጣው በጀርባው ከ220 እስከ 240 ቮልት የተጻፈበት ዕቃ ነው፤ የሶኒም ሆነ የያማሃ ይሁን። ሱቁ ውስጥ ፕሬሳ ላይ አስሰክታችሁ፣ ስፒከር አስገጥማችሁ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ጥቂት ደቂቃ ሲሠራ ተመልከቱ። ደረሰኙ ላይ የሞዴሉ ስምና ቮልቴጁ እንዲጻፍ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ለሸማቹ የሰጠ ቢሆንም፣ ደረሰኝ ለሌለው ሰው ይህን መብት ማስከበር ከባድ ነው። እኔ በጠየቅሁበት ሱቅ ሻጩ የሞዴሉን ስም ለመጻፍ ተስማምቶ ቮልቴጁን ግን አልጽፍም ብሏል።