ስላክ (Slack) በባሕር ዳር አስጎብኚ ቢሮ፦ ከዓመት በላይ ከተጠቀምንበት በኋላ

ቢሮአችን እንግዶችን ወደ ጣና ገዳማት፣ ወደ ዘጌና ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስድ አነስተኛ የባሕር ዳር አስጎብኚ ድርጅት ሲሆን፣ የውስጥ የሥራ መልእክታችንን ከቴሌግራም ግሩፕ ስላክ ወደተባለው የሥራ መልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ካዛወርን ከዓመት በላይ ሆኖናል። የምንጠቀመው ክፍያ የማይጠየቅበትን አማራጭ ስለሆነ ግምገማዬም በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ቀድሞ በነበረን ግሩፕ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የእንግዶች ስም ዝርዝር፣ የበዓል መልካም ምኞትና የጀልባ ቀጠሮ ተከታትለው ስለሚወርዱ፣ አንድ ሰው «እሺ፣ ይሁን» ብሎ ሲመልስ ለየትኛው ጥያቄ እንደመለሰ መለየት ያስቸግር ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ የእንግዶች ቡድን በስላክ ቻናል (በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ በሚነጋገሩበት ክፍል) ላይ አንድ መልእክት ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚያው መልእክት ሥር በምላሽነት ይጻፋል። ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሊሄዱ የነበሩ እንግዶች ቁጥር ከ7 ወደ 11 ከፍ ሲል፣ ጉዳዩን የያዘችው ባልደረባችን ለውጡን እዚያው ጻፈች፤ የጀልባ ኃላፊው ተለቅ ያለ ጀልባ መያዙን፣ ገንዘብ ያዧም ቀሪውን ሂሳብ መቀበሏን ከሥሩ አሰፈሩ። አስጎብኚው ማታ ስልኩን ከፍቶ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አነበበና ለማንም መደወል ሳያስፈልገው በማግስቱ ወደቡ ላይ ተገኘ። በእኔ እምነት ስላክን ለመምረጥ ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

መልእክትን ከቻናሉ አናት ላይ መሰካት መቻሉም በጣም ጠቅሞናል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ የሐይቅ ጉዞ በጠዋት መጀመር እንዳለበት የሚያስታውሱት መልእክቶች እዚያ ስላሉ፣ አዲስ የሚቀጠር አስጎብኚ በመጀመሪያ የሚያነባቸው እነርሱን ነው። የቻናል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ክፍት ቦታ ስለማይቀበል ግን «ዘጌ-ጀልባ» እያልን በጭረት እናያይዛለን። ፍለጋው ፊደልን በፊደል ስለሚያዛምድ «ሐይቅ» ብሎ ለፈለገ ሰው «ሀይቅ» ተብሎ የተጻፈው አይመጣለትም፤ ስለዚህ የቦታ ስሞችን አጻጻፍ አስቀድሞ መወሰን ይበጃል።

የሰዓት ነገር ጥንቃቄ ይሻል። ስላክ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን የጀልባ ነጂዎቻችን 2 ሰዓት ሲሉ በአውሮፕላን ትኬት ላይ ጠዋት 8 ሰዓት ተብሎ የሚጻፈውን ማለታቸው ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት እንግዳን ወደብ ላይ ሊያስቀር ስለሚችል፣ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ» ተብሎ ሳይብራራ ምንም ቀጠሮ እንዳይጻፍ ደንብ አውጥተናል።

ለእኛ ዓይነት ሥራ ትልቁ ገደብ የመልእክት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በነፃው አማራጭ የሚታየው የመጨረሻዎቹ 90 ቀናት መልእክት ብቻ ሲሆን፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየው እስከነጭራሹ ይሰረዛል። የእኛ ሥራ በበዓላት የሚዞር በመሆኑ ጥር 11 ቀን ለጥምቀት ስንሯሯጥ የጻፍነው በሚያዝያ አጋማሽ ከዓይናችን ይሰወራል፤ የምንፈልገው ግን ለቀጣዩ ጥምቀት በምንዘጋጅበት በኅዳር ነው። ስለዚህ የሆቴል ዋጋ፣ የጀልባ ኪራይና የመኪና ውል የመሰለውን ሁሉ፣ አንድ ጉዞ በተጠናቀቀ ቁጥር ጉዳዩን የያዘው ሰው ወደ ጋራ የሂሳብ ሰንጠረዣችን ይገለብጣል። ከፍሎ መገላገል ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ክፍያው በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ልክ በዶላር የሚታሰብ ስለሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት ለሚቸገር አነስተኛ ድርጅት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

የድምፅ ውይይቱም በነፃው አማራጭ ለሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ የጋራ ስብሰባችንን በአካል እናደርጋለን፤ ይህ ብዙም አልጎዳንም። ከውጭ የሚሠሩ አጋሮችን በአንድ ቻናል ብቻ ወስኖ በእንግድነት ማስገባት የሚቻለው ግን በክፍያ ስለሆነ፣ ቋሚ ሠራተኞቻችን ያልሆኑት የጀልባ ነጂዎች ከስላክ ውጭ ቀርተዋል። ከእነርሱ ጋር የጀልባ ኃላፊው በስልክ ይነጋገርና የተስማሙበትን ሰዓትና ዋጋ ወዲያውኑ በቡድኑ መልእክት ሥር ያሰፍራል።